የመጀመሪያዋ ጉርሻ

ዓሣ ማስወለድ ቀላል ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጋፒ ውሃ በሞላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ጨምራችሁ አንድ ወር ያህል ብትታገሱ፣ ሽማግሌ ሳትልኩ ጥሎሽ ሳትቆጥሩ ጫጩት ታያላችሁ። ጣጣው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። እነዚህን ሚጢጢዎች ምን እናብላቸው? ጋፒ እንኳ ደግ ናት፤ ልጆቿን የምትወልደው መዋኘትና መብላት ችለው ነው (እሷ ራሷ ዞራ ካልበላቻቸው ማለቴ ነው)። እንቁላል ከሚጥሉት ትንንሽ ዓሦች የብዙዎቹ ጫጩቶች ግን ሲፈለፈሉ ከቅንድብ ፀጉር የማይረዝሙ ክሮች ናቸው። አፋቸው የሚችለውን ምግብ በዓይን ማየት ያስቸግራል።

ሰው በቤቱ ዓሣ ስለማርባቱ ሲጻፍ ስለ ዓሦቹ ቀለምና ከሩቅ አገር ስላመጧቸው ሰዎች ብዙ ይባላል። እኔ ደግሞ ታሪኩን በጉርሻው በኩል ብናየው ይጥማል ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻይናውያን በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወርቃማውን ዓሣ በኩሬ ያረቡ ነበር። ኩሬ ጥሩ ሞግዚት ነው። አልጌ አለው፣ ለዓይን የማይታዩ ሺህ ነፍሳት አሉት፣ ጫጩቷ አፏን በከፈተችበት ሁሉ ጉርሻ ይመጣላታል። ችግሩ የተወለደው ሰው "ዓሣውን ከኩሬው አውጥቼ ሳሎኔ ላስቀምጠው" ያለ ዕለት ነው።

የውሃ እንስሳትን በመስታወት ሣጥን አኑሮ ማጥናትን ካስጀመሩት አንዷ ሴት መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1794 ፈረንሳይ ገጠር የተወለደች የጫማ ሰፊ ልጅ ናት። ፓሪስ ገብታ በልብስ ስፌት ስትተዳደር ቆየችና ነጋዴ አግብታ ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄደች። በዚያ ዘመን የተማሩት ሰዎች በአንድ ነገር ይከራከሩ ነበር። አርጎናውት የሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ የሚኖርበትን ዛጎል ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ እንስሳ ይቀማል? ዣን እንስሳቱን ከባሕር አስመጥታ ከ1832 ጀምሮ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ገና ከትንሽነታቸው ተከታተለቻቸው። ዛጎሉን የሚሠሩት ራሳቸው መሆናቸውን አሳየች፣ ክርክሩም አበቃ። "አኳሪየም" የሚለውን ቃል ሕዝብ ዘንድ ያደረሰው ግን እንግሊዛዊው ፊሊፕ ጎስ ነው፤ በ1854 መጽሐፉን በዚህ ስም አወጣ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች በአኳሪየም አበዱ ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ያኖሩ ነበር እንጂ አላረቡም። ዓሣው ሲሞት ሌላ ይገዛል።

ነገሩን የለወጠው የፓሪሱ ፒየር ካርቦኒዬ ነው። በ1869 ከቻይና የመጡ የገነት ዓሦች እጁ ገቡ። ከተጫኑት መካከል በሕይወት የደረሱት ጥቂት ነበሩ፤ እነሱንም ያተረፋቸው ተፈጥሯቸው ነው። ይህ ዓሣ ውሃው ሲበላሽ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መተንፈስ ይችላል። ካርቦኒዬ ሣጥኑ ውስጥ ያየው ነገር እስከ ዛሬ ያስቃል። ወንዱ አየር እየጎረሰ፣ በምራቁ እየለወሰ፣ ከውሃው በላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሉን ስትጥል በአፉ እየለቀመ ጎጆው ውስጥ ይከታል። ከዚያ እናትየዋን ያባርራታል! ሳትሸሽ ከቀረች ይገድላታልም። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ወደ ታች ሲወድቁ እንደገና በአፉ ለቅሞ ወደ አረፋው ይተፋቸዋል። ቤት ሠሪውም ሞግዚቱም አባት ነው፤ እኛ ሰፈር ቢሆን ወሬ ይሆን ነበር።

(እኛው ጋ የምንበላው ቆሮሶ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እናትየዋ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍለዋለች፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። ቀጣዩን የዓሣ ጥብስ ስታዝዙ አስቡት።)

ካርቦኒዬ እነዚያን ዓሦች ትውልድ በትውልድ ላይ አስከተለ። የሚገርመው ጊዜው ነው። በ1870 መገባደጃ ፓሪስ በፕሩሺያ ጦር ተከባ፣ ሕዝቡ ተርቦ የእንስሳት ማቆያውን ሁለት ዝሆኖች ሳይቀር የበላበት ክረምት ነበር። የገነት ዓሣ ዘር ግን ፈረንሳይ ውስጥ ቀጠለ፣ በኋላም በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተሠራጨ። ካርቦኒዬ ሕያው እንስሳ ሲያስገባ የነበረ ነጋዴ ሆኖ ሳለ፣ ከሞቃት አገር የመጣ ዓሣ አውሮፓ ውስጥ መስታወት ሣጥን ውስጥ ሊወለድ እንደሚችል አሳየ። የቤት ዓሣ እርባታ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል ብል አላጋነንኩም።

ጋፒ የተነሣው በዚህ መካከል ነው። ስሙን ያገኘው ትሪኒዳድ ይኖር ከነበረው ከሮበርት ሌችሜር ጋፒ ነው፤ ሰውየው ወደ ለንደን በላካቸው ናሙናዎች ምክንያት በ1866 ዓሣው በእሱ ስም ተጠራ። ጀርመናዊው ፒተርስ ግን ከቬኔዙዌላ በመጣ ናሙና በ1859 ቀድሞ ሰይሞት ነበርና ሳይንሱ ወደ ፒተርስ ስም ተመለሰ። ሕዝብ ግን "ጋፒ" ካለ አለ ነው። ጋፒ የተወደደው በጅራቱ ብቻ አይመስለኝም። ጫጩቱ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የደቀቀ ደረቅ ምግብ ይበላል፤ ማሳደጉ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ትውልድ መቁጠር ይቻላል። ዴንማርካዊው ዮሐንስ ሽሚት፣ የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ትውልድ ቆጥሮ በወንዱ የጀርባ ክንፍ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ እንደምትተላለፍ በ1920 አሳተመ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በዋይ ክሮሞዞም የሚሄድ ውርስ እንዲህ በአንድ ተራ የቤት ዓሣ ላይ ታየ።

የሌሎቹ ጫጩት ሆድ ግን አሁንም ባዶ ነው። አርቢዎች መላ ፈጠሩ። ድርቆሽ ወይም የሰላጣ ቅጠል በውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ ለጥቂት ቀን ሙቀት ያለበት ቦታ ይተዉታል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይገማል፣ ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ ነፍሳት ይርመሰመሱበታል። ከዚያ በጠብታ ለጫጩቶቹ። ሌላው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጨርቅ ጨምቆ መስጠት ነው። ትንሽ ከበዛ ውሃውን ያበላሽና ጠዋት ስትነሱ አንድም ጫጩት አይተርፍም። ቤቱ ስለሚሸተው ሽታ የቤተሰብ አባላት ምን እንዳሉ ታሪክ አልመዘገበም።

ትልቁ ጉርሻ የመጣው ከጨው ሐይቅ ነው። አርቴሚያ የሚባል ሽሪምፕ መሰል ፍጡር አለ፤ ዓሣ በማይኖርበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ውሃው ሲከፋበት የሚጥለው እንቁላል ጠንካራ ልባስ ያለው ቡናማ አቧራ ይመስላል። ደርቆ ለዓመታት ይቆያል። ጨው ያለበት ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የሚወጣው ነገር ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ብርቱካናማ፣ ሕያው፣ የሚንቀሳቀስ ምግብ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የስታይንሃርት አኳሪየም ባልደረባ አልቪን ሲል በ1933፣ ኖርዌያዊው ጉናር ሮሌፍሰን በ1939፣ ይህ ለዓሣ ጫጩት ተስማሚ ምግብ መሆኑን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ እንቁላሉ ከሳን ፍራንሲስኮ የጨው ኩሬዎችና በዩታ ከሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ እየተሰበሰበ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። (አሜሪካ ውስጥ አንድ ብልጥ ነጋዴ በ1960ዎቹ ይህንኑ "የባሕር ዝንጀሮ" ብሎ ዘውድ የደፉ ፍጡራን ሥዕል ለጥፎበት ለልጆች በፖስታ ሸጦታል። ልጆቹ ሲፈለፈልላቸው ምን እንደተሰማቸው ገምቱ።) የላስቲክ ጠርሙስ ገልብጦ፣ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ አስገብቶ፣ ጨውና ውሃ ጨምሮ መጠበቅ ብቻ ነው። በመብራት ጠርታችሁ ትሰበስቧቸዋላችሁ፤ ብርሃን ወዳለበት ይጎርፋሉ።

ይህ የሳሎን ጥበብ የት እንደደረሰ ለማየት ወደ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ እንሂድ። ጆርጅ ስትራይሲንገር በ1927 ቡዳፔስት ተወልዶ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ሙያው ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች፣ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ አኳሪየም። አከርካሪ ያለው እንስሳ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ሲያምረው ከሚያውቃቸው ዓሦች ዜብራፊሽን መረጠ። ዓሣው እንደ አህያ አልባ ዘመዱ፣ እንደ ሜዳ አህያው ማለቴ ነው፣ ባለ መስመር ነው፤ ከነህንድ ወንዞች የመጣና ርካሽ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ፅንሱ ብርሃን ያሳልፋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ታያላችሁ። አንድ ችግር ብቻ አለው፣ ወላጆቹ የጣሉትን እንቁላል ወዲያው ይበሉታል። መፍትሔው ከቤት አርቢዎች የተገኘ ነው። የሣጥኑን ወለል ልጆች በሚጫወቱበት ብይ መሸፈን። እንቁላሉ በብዮቹ መካከል ይወድቃል፣ የወላጅ አፍ አይደርስበትም። ዝነኛ ቤተ ሙከራዎች ለዓመታት በብይ ሠርተዋል።

ስትራይሲንገር በ1981 ዜብራፊሽን በክሎን ማባዛቱን በኔቸር መጽሔት አሳተመ። በ1984 ሞተ። ያስከተለውን አላየም። በ1996 በጀርመን ቱቢንገንና በአሜሪካ ቦስተን የሚሠሩ ቡድኖች በሺዎች የሚቆጠሩ የተለወጡ ዓሦችን የሚገልጽ ሥራ በአንድ ጊዜ አወጡ። በ2013 የዓሣው ሙሉ ጂኖም ሲታተም ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህች ዓሣ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዘመድ እንዳላቸው ታወቀ። ዛሬ የልብ፣ የደም፣ የጡንቻ በሽታ ይጠናባታል።

ቤተ ሙከራዎች ከሚያረቧቸው ዘሮች አንዱ "ኤቢ" ይባላል። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ኦሪገን ውስጥ ከቤት እንስሳት መሸጫ በተለያየ ጊዜ ከተገዙ ዓሦች ላይ ያርፋል። የኤቢ ጫጩቶች በአምስተኛው ቀን ግድም አስኳላቸውን ጨርሰው መዋኘት ሲጀምሩ በብዙ ቦታ የሚቀርብላቸው በአጉሊ መነጽር የሚታየው ያው የድርቆሽ ውሃ ነፍስ፣ ፓራሚሲየም ነው። ሳምንት አልፏቸው አፋቸው ሲሰፋ ደግሞ ቆርቆሮው ይከፈትና አርቴሚያው ይዘፈዘፍላቸዋል።