የሕክምና ምስሎችን ያለ ጉድለት መጨመቅ

የሕክምና ምስሎችን ያለ ጉድለት መጨመቅ ማለት እንደ ኤክስሬይ፣ ሲቲ ስካን እና ማሞግራም ያሉ ዲጂታል ምስሎች በኮምፒውተር ላይ የሚይዙትን ቦታ የሚቀንስ፣ ሲከፈቱ ግን እያንዳንዱን ፒክስል እንደ መጀመሪያው አድርጎ የሚመልስ ዘዴ ነው።

አስፈላጊነቱ

አንድ ማሞግራም (የጡት ኤክስሬይ) 3328 በ4096 ፒክስል ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱ ፒክስል በ2 ባይት ሲቀመጥ ምስሉ 27 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በተለመደው ምርመራ ከሁለቱ ጡቶች 4 ምስሎች ስለሚነሡ የአንዲት ታካሚ ፋይል ወደ 109 ሜጋባይት ይደርሳል።

ለተራ ፎቶግራፍ የሚያገለግለው ጄፔግ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር በመጣል ፋይሉን ያሳንሳል፤ የተጣለው ግን አይመለስም። በማሞግራም ላይ የካንሰር ምልክት ሊሆኑ የሚችሉ የካልሲየም ነጠብጣቦች ስፋታቸው ከጥቂት ፒክስሎች ላይበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ማሞግራሞች በመጀመሪያው መልካቸው ወይም ያለ ጉድለት ተጨምቀው እንዲቀመጡ ይጠይቃል።

አሠራሩ

በምስል ላይ ጎረቤት የሆኑ ፒክስሎች ብዙውን ጊዜ ተቀራራቢ ዋጋ አላቸው። በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደረጃ ሆኖ የወጣው ጄፔግ-ኤልኤስ በዚህ ይጠቀማል። የእያንዳንዱን ፒክስል ዋጋ ከጎረቤቶቹ ተነሥቶ ይገምታል፤ ከዚያም ፒክስሉን ሳይሆን የግምቱን ስሕተት ይመዘግባል።

ለምሳሌ በስተግራ ያለው ፒክስል 1000፣ ከላይ ያለው 1004፣ ከላይ በስተግራ ያለው ደግሞ 1002 ቢሆን፣ ግምቱ 1000 + 1004 − 1002 = 1002 ነው። እውነተኛው ዋጋ 1003 ከሆነ የሚመዘገበው 1 ብቻ ነው። ምስሉን የሚከፍተው ፕሮግራምም ያንኑ ግምት ሠርቶ 1 ሲጨምር 1003ን ያገኛል። አብዛኞቹ ስሕተቶች ትናንሽ ቁጥሮች ስለሆኑ በአጭር ኮድ ይጻፋሉ።

ወሰኑ

ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሢሶ ይወርዳል። ከዚያ በላይ እንዳያንስ የሚያግደው በዋናነት የመሣሪያው ኑዋዝ ነው፤ ኑዋዝ ሥርዓት ስለሌለው ሊገመት አይችልም።

አስቀድሞ ዝርዝሩ የጎደለን ምስል በኋላ ያለ ጉድለት መጨመቅ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ የሕክምና ምስሎች ደረጃ የሆነው ዳይኮም፣ ምስሉ አንድ ጊዜ ጉድለት ባለው ዘዴ ከተጨመቀ ይህን የሚገልጽ ምልክት በፋይሉ ውስጥ እንዲጻፍ ያዛል። ምልክቱም ከተጻፈ በኋላ አይነሣም።