ከጠመንጃ ያዥ እስከ ቀላል ባቡር፦ የአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ ሥረ መሠረት

የአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ በተነሣ ቁጥር የሚደመጡት ክሶች ሦስት ናቸው፤ መኪናው በዛ፣ መንገዱ ጠበበ፣ አሽከርካሪው ሥርዐት አጣ። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይዘላሉ፦ ይህ ሁሉ ሕዝብ በየማለዳው ያን ያህል ርቀት የሚጓዘው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ከአስፋልቱ ይልቅ በሰፈሮቻችን ታሪክ ውስጥ ነው።

ጠመንጃ ያዥን እንውሰድ። ስሙ ራሱ ሰነድ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰፈሮቿ ከፊሉ በመኳንንቱ ስም፣ እንደ ራስ ካሣ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ከፊሉ ደግሞ በነዋሪው ሥራ፣ እንደ ሠራተኛ ሰፈርና ጠመንጃ ያዥ፣ ተጠሩ። ሰው የሚሰፍረው ለሚያገለግለው ጌታና ለሥራው ቀርቦ ነበር። ሥርዐቱ ፍትሐዊ ነበር ለማለት አይደለም፤ መሬቱ የጥቂቶች ነበር። ነገር ግን ድኻውና ባለጠጋው ጎን ለጎን ይኖሩ፣ ሥራም በእግር ይደረስበት ነበር።

አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምርም ከተማዪቱ ገና ጠባብ ነበረች። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት ያረጀና የተጨናነቀ ቢሆንም፣ ድኻውን በመሐል ከተማ፣ ከእንጀራው አጠገብ አቆየው።

ይህ ትስስር በሰፊው የላላው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ነው። የመሐል ከተማ ነባር ሰፈሮች፣ የልደታን ጨምሮ፣ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ ግዙፎቹ የጋራ መኖሪያዎች በጀሞ፣ በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ተገነቡ። ቤቱ ወደ ዳር ሄደ፤ ሥራው፣ ገበያውና መሥሪያ ቤቱ ግን በአብዛኛው መሐል ቀረ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለቱን መስመሮች በልደታና በመስቀል አደባባይ መካከል በአንድ ሐዲድ አገናኘ። ባቡሩ ወደ ልደታ ሲደርስ፣ በእግሩ መጥቶ ይሳፈርበት ከነበረው ነባር ነዋሪ ብዙው አካባቢውን ለቆ ነበር። ወደ ጀሞም ሆነ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚደርስ ሐዲድ አልተዘረጋለትም።

ከዚያ ወዲህ የወሰድናቸው እርምጃዎች በአመዛኙ ተሽከርካሪውን የሚመለከቱ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌት ተገደበ፤ በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይስ ታክስ ከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ይቀንስ ይሆናል፤ በመንገድ ላይ የሚይዘው ስፍራ ግን ያው ነው።

እንግዲህ የትራንስፖርት ፖሊሲ የሚጀመረው በቤቶች ፖሊሲ ነው። አንድ ሰፈር ይፍረስ ተብሎ ሲወሰን፣ ከካሳው ተመን ጎን ተነሺው በቀን ስንት ሰዓትና ስንት ብር በመንገድ ላይ እንደሚያወጣ ተሰልቶ ሊቀርብ ይገባል። ይህ ሒሳብ እስካልተሠራ ድረስ ዕዳውን የሚከፍለው ከንጋት በፊት ታክሲ ለመጠበቅ የሚሰለፈው ሠራተኛ ነው።