ባሕርያዊ መጠነ ነጥብ

ከላፕቶፑ ጋራ ሌላ ትልቅ ሞኒተር አያይዞ የሚሠራ ሰው፣ ፊደሉ ጭጋግ ለብሶ፣ ሥዕሉ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ክቡም እንደ ዕንቍላል ሞላላ ሆኖ ባየ ጊዜ፣ «የሞኒተሩ ጥራት ወረደ» ብሎ መሣሪያውን መውቀሱ የተለመደ ነው። እኔ እንደማስበው ይህን ወቀሳ ያመጣው ቃሉ ነው፤ ይኸውም «ሪዞሉሽን» የሚባለውን «ጥራት» ብለን ስለ ተረጐምነው ነው። ጥራት የንጽሕናና የመልካምነት ስም ነው፤ የወርቅ ጥራት፣ የውሃ ጥራት እንላለን። ሪዞሉሽን ግን የቍጥር ነገር ሆኖ፣ በሞኒተሩ ፊት ላይ በአግድምና በቁመት የተደረደሩት፣ ፒክስል የተባሉት የብርሃን ነጥቦች ስንት እንደ ሆኑ የሚናገር ልክ ነው። 1920 በ1080 ሲባል፣ በእያንዳንዱ መስመር 1920 ነጥብ፣ እንዲህ ያለውም መስመር 1080 ማለት ሲሆን፣ ድምሩ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ «መጠነ ነጥብ» ብለን ብንጠራው ስሙ ከግብሩ ጋራ ይስማማል።

ዛሬ ላስተዋውቀው የምፈልገው ግን የዚህ ቃል ታናሽ ወንድም የሆነውን «ኔቲቭ ሪዞሉሽን» ነው። እኔ «ባሕርያዊ መጠነ ነጥብ» እለዋለሁ። ሊቃውንታችን ባሕርይ ሲሉ ከኋላ የተጨመረውን ሳይሆን ከጥንተ ተፈጥሮው ጀምሮ ያለውንና ሊለይ የማይችለውን ማለታቸው ነውና፣ ለዚህ ነገር ከእርሱ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። የቀድሞው ባለ ትልቅ ቱቦ ሞኒተር ሥዕሉን የሚሥለው በኤሌክትሮን ጨረር ስለ ነበረ፣ 640 በ480 ቢሰጡት ወይም 1024 በ768፣ ሁሉንም ያለ ብዙ ጕዳት ይቀበል ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ሞኒተር ግን ነጥቦቹ በፋብሪካ ተቈጥረው የተተከሉ ናቸው፤ ባሕርያዊ መጠነ ነጥቡም ይኸው ቍጥር ነው። ቍም ጸሐፊ ብራናውን ወጥሮና ፍቆ፣ በወስፌ እየወጋ ካሰመረ በኋላ፣ ጽሕፈቱ በዚያ መስመር ላይ መሄድ እንዳለበት ሁሉ፣ የዚህም ሞኒተር መስመሩ አስቀድሞ ተሰምሯል።

ይህን የተማርሁት በመከራ ነው። ብዙ ሳምንት ሙሉ ዐይኔ እየደከመ፣ ግንባሬን እያመመኝ ከሠራሁ በኋላ፣ መነጽሬን ላስለውጥ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ መነጽሩም ደኅና ሆኖ ተገኘ። ተመልሼ ፊቴን ወደ ሞኒተሩ አስጠግቼ አንዲቱን «ሊ» ብቻ አተኵሬ ብመለከት፣ ከቀኝ እግሯ ግርጌ የምትወጣው ትንሽ ጭረት ግራጫ ጥላ ሆና ወደ ላይ ተንሰራፍታ፣ ጭረቷን ከእግሯ መካከል ከምታወጣው ከ«ሉ» ለመለየት አስቸገረችኝ። ሞኒተሩ 1920 በ1080 ሲሆን ኮምፒዩተሩ የሚልክለት 1024 በ768 ኖሯል። ስለዚህ በአግድም አንዱ ነጥብ ሁለት ሊሆን ጥቂት የጐደለው ቦታ እንዲሸፍን፣ በቁመት ደግሞ አንድ ተኩል እንኳ ሳይሞላ እንዲቀር ተገዷል፤ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለም ትርፉ ቀለም በጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል። በአንዲት ጭረት «ሉ» ከ«ሊ» ለሚለይበት ለፊደላችን ይህ ቀላል ጕዳት አይደለም።

ጥፋቱ የተገኘው በኬብሉ ላይ ነው። ሞኒተር ሁሉ በውስጡ ባሕርያዊ መጠኑን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይዟል፤ ይህም ኢዲአይዲ የተባለው ጽሑፍ ቬሳ በሚባለው የአምራቾች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. የተደነገገ ሲሆን፣ መሠረቱ 128 ባይት ብቻ ነው። ባለ 15 እሾሁ የቪጂኤ ኬብል ይህን ቃል የሚያደርሰው በ12ኛውና በ15ኛው እሾህ ነው። በርካሽ የተሠራ ኬብል ወይም መቀጠያ እነዚህን ሽቦዎች አስቀርቶ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ይመጣል፣ ምስክሩ ግን አይመጣም፤ ኮምፒዩተሩም የማያውቀውን እንግዳ በጥንቃቄ እንደሚያስተናግድ ሰው ዝቅ ያለውን መጠን ይሰጠዋል። ኬብሉን በለወጥሁበት ቅጽበት ባሕርያዊው መጠን ራሱ መጣ።

ኬብሉ ደኅና ከሆነ የግራፊክስ ድራይቨሩን መመልከት ነው፤ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ቢገኝ፣ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። 3840 በ2160 የሆነ ሞኒተር ሥዕሉ ጥርት ብሎ ሳለ ማውሱ እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግር፣ ሥዕሉ የሚመጣበት መንገድ ኤችዲኤምአይ 1.4 እንደ ሆነ ይመርመሩ፤ ይህን ሁሉ ነጥብ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ያሳልፋልና፣ 60 ጊዜ የሚያሳልፈው 2.0 ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን በገዛ እጃችን የምናደርገው ነው። ፊደሉ አንሶባቸው ሳለ፣ ይጐላልናል ብለው መጠነ ነጥቡን ዝቅ የሚያደርጉ አረጋውያን ብዙ አይቻለሁ። በርግጥ ይጐላል፤ ነገር ግን የሚሣለው በጥቂት ነጥብ ስለ ሆነ ከመጕላቱ ጋራ ይደበዝዛል፣ ዐይናቸውም ይብሱን ይደክማል። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «ሪኮሜንድድ» የሚል የተጻፈበትን መጠን መርጠው ሳይነኩ ይተዉት፤ ከዚያው ገጽ «ስኬል» የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ ያድርጉት። ያን ጊዜ ያችው «ሊ» በብዙ ነጥብ ትሣላለች፤ የእግሯም ጭረት ከሩቅ ትታያለች።