ወንበሩ ፖርቶ መጋላ ላይ፦ የሚኤሶ መንገድና የመኪና ደረጃ ታሪክ

በአገራችን አውራ ጎዳናዎች ላይ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው የሚጓዘው ለሁለት ተከፍሎ ነው። ሰውየውን ረዳቱና አንድ ጠንከር ያለ ተሳፋሪ በብብቱና በጉልበቱ ይዘው ደረጃውን ያሳልፉታል። ዊልቸሩ ደግሞ ታጥፎ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣና ከጆንያውና ከሻንጣው ጋር በገመድ ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደግነት አለ፤ ማንም እምቢ አይልም፣ ሂሳብም አይጠየቅበትም። ችግሩ ደግነቱ ላይ አይደለም። ዊልቸሩ ላይ የነበረው ወፍራም የመቀመጫ ትራስም አብሮ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ግን ደረቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዞው ይጀመራል።

ጉዞው ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ሚኤሶ እስኪደርሱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆላው ያበቃና ወደ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ሽቅብ ይጀመራል። ጤነኛ ሰው በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሳያስበው መቶ ጊዜ ይቁነጠነጣል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጎኑ ይቀመጣል፤ ሰውነቱ «አመመኝ» ይለዋል፣ እሱም ይታዘዛል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ግን ይህ መልእክት አይደርሰውም። በመቀመጫ አጥንቱና በወንበሩ መሃል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም ይቋረጥበታል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ቁስሉ ከውስጥ ስለሚጀምር ቆዳው ላይ ሲታይ ጉዳቱ አልፎ ሄዷል፤ እሱን ለማዳን ደግሞ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው ሐኪሞች በየ15 እና በየ30 ደቂቃው መካከል ክብደትን ከመቀመጫ ላይ ማንሳት ወይም ማዘንበል ያስፈልጋል የሚሉት።

ሌላም አለ። ጉዳቱ ወደ አንገትና ወደ ላይኛው ጀርባ የቀረበ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ በወጉ አያልብም። ላብ ከሌለ ማቀዝቀዣ የለም። የአዋሽና የሚኤሶ ሙቀት ለሌላው ተሳፋሪ «መስኮት ክፈቱ» የሚያሰኝ ነው፤ ለእሱ ግን ትኩሳት ነው። የሽንትን ነገር ደግሞ መናገር አያስፈልግም፤ ቱቦ የሚጠቀም ሰው ጋደም የሚልበትና የሚሸሸግበት ንጹሕ ቦታ ይፈልጋል። በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ጓሮ ይህ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ፈረንጆቹ «ካምፐር» የሚሉትን፣ አልጋና ውኃ የተገጠመለትን መኪና የምናየው በዚህ ዓይን ነው። ለእነሱ በአብዛኛው የሽርሽር ዕቃ ነው። ዊልቸር የሚገባበት ካምፐር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አልጋው የሕክምና ዕቃ፣ መኪናውም ሰው ሳይቆስል የሚደርስበት መንገድ ይሆናል።

በጉዞ መሃል ጋደም የማለት ነገር ለሚኤሶ መስመር አዲስ አይደለም። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለኢልግና ለሸፍኔ በሰጡት ውል የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ኩባንያው ከስሮ፣ ቆሞ፣ በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ በ1915 አዋሽን፣ በ1917 አዲስ አበባን ያዘ። ሐዲዱ የጨርጨርን ተራራ ሽቅብ መውጣት ስላልቻለ ግርጌ ግርጌውን በቆላው ሄደ፤ ሚኤሶም የባቡር ጣቢያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ ባቡሩ ይጓዝ የነበረው ቀን ቀን ብቻ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬ ዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድርና በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። የአዋሹ ቡፌ ዛሬም ድረስ ስሙ የሚነሳው ለዚህ ነው። ዘገምተኛ ነበር፤ ግን ለሰው አካል የተመጠነ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንገዱ ሲፈጥን ማደሪያው ቀረ፤ ዛሬ አውቶቡሱ ሌሊት ሳይነጋ ይነሳና በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

የመኪናውስ ነገር? ዓለም ለዊልቸርና ለመኪና ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጥቷል፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መልስ ወንበሩን መለወጥ ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማዕድን ማውጫ አደጋ ሽባ የሆነው ኸርበርት ኤቨረስት ከመሐንዲስ ጓደኛው ከሃሪ ጄኒንግስ ጋር ሆኖ ከሥሩ በመስቀለኛ ብረት የሚታጠፍ ዊልቸር ሠራ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ወንበሩ መኪና ውስጥ እንዲገባ። ዛሬ ሚኤሶ መናኸሪያ ላይ ታጥፎ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣው ወንበር የዚያ ቀጥተኛ ልጅ ነው። ይህ መልስ መኪናውን አልነካውም። ወንበሩ ታጠፈ፣ ሰውየው ተሸከሙት።

ሁለተኛው መልስ መኪናውን መለወጥ ነው። በእንግሊዝ አገር የስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሉድቪግ ጉትማን የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ አሥራ ስድስት አከርካሪያቸው የተጎዳ የቀድሞ ወታደሮችን (ሁለቱ ሴቶች ነበሩ) በቀስት ውርወራ አወዳደረ። ፓራሊምፒክ የተወለደው ያን ዕለት ነው ይባላል፤ ልክ ነው። የማይባለው ግን ውድድሩ ለምን በዚያ ሰሞን እንደተዘጋጀ ነው። ለሕሙማኑ ዊልቸር እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ አውቶቡስ በስጦታ የሚሰጥበት ዝግጅት ነበር። የዓለም ትልቁ የአካል ጉዳተኞች ውድድር የአንድ አውቶቡስ ምረቃ ማድመቂያ ሆኖ ተጀመረ ማለት ነው! ጉትማን ከአውቶቡሱ በፊት ያስገባው ሌላ ደንብ ደግሞ በሽተኛን ሌሊትና ቀን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተሰበረ ወታደር በአብዛኛው በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ማገላበጡና አውቶቡሱ ከአንድ ሐሳብ የወጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ሰውየው ይትረፍ፣ ከዚያ ይውጣ።

በዚህ ሆስፒታል በር ያለፈውን ኢትዮጵያዊ ሁላችንም እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በገዛ ቮልስዋገኑ ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ። በሳምንቱ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ፤ መጀመሪያ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በወራት ሕክምና እጆቹ ተመለሱለት። በ1970 እ.ኤ.አ. በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የተንሸራታች ውድድር አሸነፈ፤ በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በዊልቸር ሆኖ በክብር እንግድነት ተገኘ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጽናት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ በባዶ እግሩ ሮምን ያሸነፈ ሰው ከዚያ በኋላ ወደየትም ለመሄድ የበርና የደረጃ ከፍታ ይወስነው ጀመር።

ሁለተኛውን መልስ ወደ ተራ ሰው መኪና ያወረደው ራልፍ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጡንቻው እየደከመ የሚሄድ በሽታ ነበረበት። በ1963 እ.ኤ.አ. በሞተር የሚሄድ ባለሦስት እግር ወንበር ሠራ፤ ቀጥሎ አሮጌ የፖስታ ጂፕ ላይ ማንሻ ገጠመ፤ በ1970 ደግሞ ወደ ዶጅ ቫን ተሻገረ፤ ሰው ከነወንበሩ ተነስቶ የሚገባበት ሆነ። ቆየት ብሎ ከማንሳት ይልቅ ወለሉን ዝቅ ማድረግ መጣ። ይህ የተቻለው የቤተሰብ ቫኖች የፊት እግራቸው የሚነዳ ስለሆነ ነው፤ ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚያሻግር ዘንግ ከወለሉ ሥር ስለሌለ ወለሉን ቆርጦ ማውረድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ወደ እኛው ሚኒባስ እንመለስ። ቶዮታ ሃይስ፣ ዶልፊንም ሆነ አባዱላ፣ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ የሚነዳው የኋላ እግሩ ስለሆነ ዘንጉ ከወለሉ ሥር ያልፋል። ስለዚህ የአሜሪካኑን ብልሃት መቅዳት አይሆንም። ቀሪው መወጣጫ ወይም ማንሻ ነው። እስቲ እናስላ። ለሕንፃ የሚመከረው መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 7.2 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል፤ ከሚኒባሱ ይረዝማል! በሰው እየተገፋ ይውጣ ብለን ቁልቁለቱን በእጥፍ ብናከብደው እንኳ 3.6 ሜትር ነው፤ ሁለት ላይ ታጥፎ በኋላ በር የሚገባ ብረት ይሆናል። ብርቱ ገፊ ከሌለ የግድ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይህን ደግሞ የሐረርጌ ከብት ነጋዴ ያውቀዋል። በሬ አይሱዙ ላይ ሲጫን መኪናው ከአፈር ቁልል ወይም ከመንገድ ዳር ጉብታ ጋር ተጠግቶ ይቆማል፤ ከፍታው ይጠፋል፣ በሬው በእግሩ ይገባል። ለበሬ የታሰበው ለሰው አለመታሰቡ ያሳፍራል፤ ግን ዘዴው ራሱ ደህና ነው። መኪናው ዝቅ ባለ ቦታ፣ ሰውየው ከፍ ባለው በኩል ሆኖ አንድ አጭር ጠንካራ ላሜራ ቢዘረጋ ከ60 ሳንቲ ሜትሩ አብዛኛው ይቀንሳል። ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚወጣው መንገድ ዳር ደግሞ ጉብታ ሞልቷል።

እጅና ሙያስ? እሱ አለን። «ቅጥቅጥ» የምንለው አውቶቡስ ስሙን ያገኘው ከመቀጥቀጥ ነው፤ የጭነት መኪና ሻንሲ ይመጣል፣ ቦዲው እዚሁ ላሜራ ታጥፎና ተበይዶ ይሠራበታል። የበሩ ስፋት፣ የደረጃው ብዛት፣ የወንበሩ አደራደር ሁሉ በአገር ቤት ጋራዥ የሚቆረጥ ውሳኔ ነው። ወለሉ ከፍ ያለው ሻንሲውና ባሌስትራው ከፍ ስላሉ ነው፤ ይህን መለወጥ ከባድ ነው። የኋላ በርን ማስፋት፣ ሁለት ወንበር መተው፣ የማንሻ ቦታ ማዘጋጀት ግን ገና ቦዲው ሳይበየድ ቢነገር ትንሽ ሥራ ነው፤ ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ በግምት አይሠራም፤ ማሰሪያው። ዓለም አቀፍ ፍተሻው ዊልቸሩን ከነሰዉ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በድንገት ማስቆም ነው፤ ኃይሉ ከክብደት ወደ 20 እጥፍ ይደርሳል። 70 ኪሎ ሰውና 20 ኪሎ ወንበር በዚያ ቅጽበት እንደ 1,800 ኪሎ ይጎትታሉ። ተራ ገመድ ይበጠሳል፤ ላሜራ ላይ የተበየደ ቀለበት ይነቀላል። ወንበሩ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ በአራት ማዕዘን በቀበቶ ይታሰራል፣ ማሰሪያው ከሻንሲው ጋር ይያያዛል፤ ሰውየውም የራሱ የደረትና የወገብ ቀበቶ ይኖረዋል። ወንበሩን እንጂ ሰውየውን ያላሰረ መኪና ግማሽ ሥራ ነው። ሥሪት ሲለወጥም የትራንስፖርት ቢሮው ፈቅዶ ሊብሬው ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ሕጉ እስከ በሩ ደርሷል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ አዝዞ ነበር፤ ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ትራንስፖርትን በስም ይጠራል። መናኸሪያው መወጣጫ ሲኖረውና አውቶቡሱ ሦስት ደረጃ ሲኖረው የሚፈጠረውን ግን ከላይ አይተናል።

ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ይህን ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ማየት ይቻላል። የቁልቢ ገብርኤል ስለት ያለበት ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በሚኤሶና በአሰበ ተፈሪ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ቁልቢ ዙሪያ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው አውቶቡስ ውስጥ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጭነት መኪና ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ያድራል። ስም አላወጣንለትም እንጂ ካምፐር ማለት ይኸው ነው። ከተጓዡ መካከል ለፈውስ የሄደ፣ በሰው እቅፍ ከመኪና የሚወርድ ሰው ጥቂት አይደለም።

ጀርመኖቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን ቫን ላይ የገጠሙት የመጀመሪያው የቬስትፋሊያ ካምፒንግ ሣጥን ተነቃይ ነበር፤ መኪናው በሥራ ቀን ዕቃ ያመላልሳል፣ በእረፍት ቀን አልጋ ይሆናል። ለእኛ የሚስማማው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወለሉ ላይ የማሰሪያ ሐዲድ በቋሚነት ይበየዳል፤ ወንበሮቹ በብሎን ይፈታሉ። አልጋው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል፣ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይገጠማል፤ ሰውየው በእጁ ተደግፎ እንዲሻገር። ጣሪያው ከውስጥ ሙቀት በሚከላከል ፎም ይለበጣል፣ አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ መጋረጃ ይጨመራል። መኪናው ዓመቱን ሙሉ አዋሽ ሚኤሶ እያለ ይሠራል፤ ታኅሣሥ 17 ማታ አራት ወንበር ይፈታና አልጋው ይገባል።