ልጁ ፈርዖንና የመቶ ዓመት መጻሕፍቱ

ስለ ቱታንካሙን የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የወጡት ማንም ፊቱን ሳያየው ነው። የመቃብሩ ደረጃ ከፍርስራሹ ሥር ብቅ ያለው ኖቬምበር 4 ቀን 1922 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 1923 ሳያልቅ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ዎሊስ በጅ፣ የአካል ጥናት ሊቁ ግራፍተን ኤሊየት ስሚዝና በጋዜጠኝነት ወደ ሉክሶር የተላከው አርተር ዌይጎል እያንዳንዳቸው መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የወርቁ ጭምብል የታየው ግን ኦክቶበር 28 ቀን 1925 ነው። ታዲያ ምን ጻፉ? ስለ ልጁ የሚያውቁት ጥቂት ስለነበር ስለ አባቱ ዘመን፣ ስለ አቴን አምልኮ፣ ስለ ቴቤስ ካህናት ጻፉ። ጋዜጦቹም በበኩላቸው የእስራኤልን ሕዝብ አልለቅም ያለው ፈርዖን ይሄ ይሆን እያሉ ይጠይቁ ነበር። ፈርዖንን ከኦሪት ለምናውቀው ለእኛ ጥያቄው እንግዳ አይደለም፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው ሞልቶ ፈሷል። አብዛኛው የተጻፈው ስለ ንጉሡ ሳይሆን መቃብሩን ስለከፈቱት፣ ስለተጣሉበትና ስለነገዱበት ሰዎች ነው። ለዚህ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ልጁ ራሱ ብዙ አላወራም።

የሚታወቀው ባጭሩ ይህ ነው። በዐሥራ ስምንተኛው ሥርወ መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ምእተ ዓመት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ነገሠ። ሲወለድ የወጣለት ስም ቱታንካተን ነበር። አባቱ ነው ተብሎ በብዙዎች የሚታመነው አኬናተን የጥንቱን አማልክት ሽሮ የፀሐይ ክበቡን አቴንን ብቻ ያስመለከ ንጉሥ ነው። በልጁ ዘመን፣ ማለትም ሞግዚቶቹ መንግሥቱን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ የአሙን ቤተ መቅደሶች ተከፈቱ፤ የንጉሡና የንግሥቲቱ ስምም በአሙን ተተካ። ዐሥር ዓመት ገደማ ገዝቶ በ18 ወይም በ19 ዓመቱ ሞተ። ሽማግሌው አይ ተተካ፤ ከእሱ በኋላ የነገሠው የጦር አለቃ ሆረምሄብ በልጁ ሐውልቶች ላይ የራሱን ስም አስቀረጸ። በአቢዶስ ግድግዳ ላይ በተቀረጸው የነገሥታት ዝርዝርም የልጁ ስም የለም። ሌቦች ለሁለት ጊዜ ብቻ ገብተው መቃብሩ በአብዛኛው ሳይነካ የቆየው፣ ከሌላው ነገር ጋር፣ በመረሳቱ ነው።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። የሁሉም መነሻ «የቱታንካሙን መቃብር» የተባለው፣ መቃብሩን ያገኘው የሃዋርድ ካርተር ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1923፣ ሁለተኛው በ1927፣ ሦስተኛው በ1933 ታተመ። ዛሬም ሲነበብ የመጀመሪያው ቅጽ ልብ ያንጠለጥላል፤ ሻማ ይዞ በቀዳዳው የማየቱ ትርክት ከዚያ የመጣ ነው። በሽፋኑ ላይ የካርተር ስም ቀድሞ ቢቀመጥም አብሮት የጻፈው የሜትሮፖሊታን ሙዚየሙ አርተር ሜስ ነበር፤ የአጻጻፉ ጥራት ሲነሣ እሱ መመስገን ይገባዋል። ሜስ ታሞ ከሄደ በኋላ የወጡት ሁለቱ ቅጾች እንደ መጀመሪያው አይፈስሱም።

እነዚህ ሦስቱ ግን ለሰፊው አንባቢ የተዘጋጁ ነበሩ። ካርተር ያቀደው ዋናው ሥራ ባለ ስድስት ቅጽ ሳይንሳዊ ዘገባ ነው፤ ከ5,300 በላይ ዕቃዎች አንድ በአንድ የሚገለጹበት። አልጻፈውም። ዐሥር ዓመት የፈጀው ሥራ አድክሞት፣ ጤናውም ከድቶት በማርች 1939 በ64 ዓመቱ ሞተ። ማስታወሻውና ካርዶቹ በእህቱ ልጅ በኩል ኦክስፎርድ ለሚገኘው ግሪፊዝ ተቋም ተሰጡ። የቱታንካሙን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በከፊል የዚህ ያልተጻፈ መጽሐፍ ታሪክ ነው፤ በከፊል ደግሞ ካርተር በጻፋቸው ሦስቱ ውስጥ እያወቀ የዘለላቸው ነገሮች ታሪክ።

የዘለለው ምን ነበር? አንደኛው ፖለቲካው ነው። መቃብሩ የተገኘው ግብፅ በፌብሩዋሪ 1922 ነጻነቷ ከታወጀ ከወራት በኋላ ነበር። የቁፋሮው ባለ ገንዘብ ሎርድ ካርናርቮን በጃንዋሪ 1923 ዜናውን ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ5,000 ፓውንድ ሸጠው፤ የግብፅ ጋዜጠኞች በገዛ አገራቸው የመቃብሩ ደጃፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ነገሩ የፈነዳው በፌብሩዋሪ 1924 ነው። የድንጋዩ ሣጥን ክዳን በገመድ ተንጠልጥሎ ሳለ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሳዕድ ዛግሉል መንግሥት የቁፋሮው ሠራተኞች ሚስቶች ገብተው እንዳያዩ ከለከለ። ካርተር ተናድዶ ሥራ አቆመ፤ መቃብሩንም ቆልፎ ሄደ። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነው ክዳን አየር ላይ ቀረ፤ ልብ በሉ፣ ከሥሩ ያለው የ3,300 ዓመት የንጉሥ ሬሳ ሣጥን ነው። መንግሥት ፈቃዱን ነጥቆ መቃብሩን ራሱ ከፈተ። ካርተር በዚያው ዓመት ደብዳቤዎችንና ሰነዶችን ሰብስቦ ለወዳጆቹ ብቻ የሚታደል ጽሑፍ አሳተመ። ያ ጽሑፍ ለገበያ ከቀረቡት ቅጾቹ ይልቅ ሰውየውን ያሳያል፤ ግትር ነበር፤ የማን አገር ላይ እንደቆመም የገባው አይመስልም።

ሁለተኛው ዝላይ የቀብር ክፍሉ ነው። በይፋ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 1923 ነው ተብሎ ተጻፈ። እነ ካርተር ግን ከወራት በፊት በግድግዳው ቀዳዳ ሾልከው ገብተው፣ ሲወጡ ቀዳዳውን ሸፍነውት ነበር። የቁፋሮው ፎቶ አንሺ ሃሪ በርተን ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ የቅርጫት ክዳንና ሸምበቆ ቦታውን ከልሎት ይታያል። አብሯቸው የሠራው ኬሚስት አልፍሬድ ሉካስ በ1940ዎቹ በካይሮ የሙያ መጽሔት ላይ ነገሩን ጠቆመ፤ ከባለሙያ በቀር ያነበበው የለም። ወሬው አደባባይ የወጣው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዳይሬክተር የነበረው ቶማስ ሆቪንግ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሆቪንግ የሙዚየሙን መዝገብ ቤት አገላብጦ ትንንሽ ዕቃዎች ከመቃብሩ ወጥተው አሜሪካ መግባታቸውን ጻፈ። አጻጻፉ አንዳንዴ የሐሜት ጣዕም አለው፤ ጥርጣሬው ግን ባዶ አልነበረም። ሙዚየሙ ራሱ በ2010 ከዚያ መቃብር ናቸው ያላቸውን 19 ትንንሽ ዕቃዎች ለግብፅ እንደሚመልስ አስታወቀ።

ሦስተኛው ዝላይ ከሁሉም ይከብዳል። በኖቬምበር 1925 የአካል ጥናት ሊቁ ዳግላስ ዴሪና ግብፃዊው ሐኪም ሳሌሕ ሐምዲ አስከሬኑን ሲመረምሩ በቀብሩ ጊዜ የፈሰሰበት ቅባትና ሙጫ ደርቆ ከሣጥኑ ጋር አጣብቆት ነበር። ለማላቀቅ አካሉን ቆራረጡት፤ ራሱንም ከጭምብሉ በጋለ ቢላ አወጡት። ከዚያ ብልቶቹን በአሸዋ ትሪ ላይ ገጣጥመው መለሱት። በካርተር ሁለተኛ ቅጽ ውስጥ ይህ ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ታልፏል። የዴሪ ሙሉ ዘገባ የታተመው የጥርስ ሐኪሙ ፊልስ ሊክ በ1972 በግሪፊዝ ተቋም በኩል ባወጣው ቀጭን መጽሐፍ ነው። ከልብ ወለዶቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይህ ደረቅ የሐኪም ጽሑፍ ነው።

በመሐሉ የተለየ ዓይነት መጽሐፍ መጣ። ፈረንሳዊቷ ክርስትያን ዴሮሽ ኖብልኩር በ1963 የንጉሡን ሕይወትና ሞት የሚተርክ፣ በቀለም ፎቶግራፍ ያጌጠ መጽሐፍ አሳተመች። የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደሶች ከአስዋን ግድብ ውሃ ለማዳን ከደከሙት አንዷ ስለነበረች የናስር መንግሥት ያምናት ነበር፤ የ1967ቱ የፓሪስ ዐውደ ርእይም የተዘጋጀው በእሷ አማካይነት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በ1972 ለንደን ላይ ተመልካቹ ከ1.6 ሚሊዮን አለፈ። ከዚህ በኋላ ጌጠኛ የፎቶ መጻሕፍት እንደ አሸን ፈሉ። ብዙዎቹ ያው ጭምብል፣ ያው ዙፋን፣ ያው መግለጫ ናቸው፤ አልዘረዝራቸውም።

ስለ እርግማኑም ብዙ አልልም። ካርናርቮን የወባ ትንኝ የነከሰችው ቦታ መርዞበት በኤፕሪል 1923 ካይሮ ሞተ፤ ወሬው ከዚያ ተነሣ። ጀርመናዊው ፊሊፕ ፋንደንበርግ በ1973 ያሳተመው የፈርዖኖች እርግማን መጽሐፍ እስካሁን ይሸጣል። የካርናርቮን ልጅ ሌዲ ኤቭሊን ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወደ መቃብሩ ገብታ እስከ 1980 ኖራለች።

ንጉሡ ተገድሏል የሚሉት መጻሕፍት የተሻለ ንባብ ይሰጣሉ። በ1968 የሊቨርፑሉ ሃሪሰን አስከሬኑን ራጅ ሲያነሣ ራስ ቅሉ ውስጥ የአጥንት ስባሪ ታየ። አሜሪካዊው ቦብ ብራየር ይህን ይዞ በ1998 ገዳዩ ተተኪው አይ ነው የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ማስረጃ ናቸው ካላቸው ነገሮች አንዱ በኬጢያውያን የሸክላ ጽላት ላይ የተመዘገበው ታሪክ ነው፦ አንዲት የግብፅ ንግሥት ባሏ ሞቶባት ለኬጢያውያን ንጉሥ ሹፒሉሊዩማ ልጅህን ላክልኝና ላግባው ብላ ጻፈች፤ ልዑሉ ተላከ፤ ሕይወቱ ግን ጠፋ። ብዙዎች ንግሥቲቱ የቱታንካሙን ሚስት አንኬሴናሙን ናት ይላሉ፤ የማይስማሙም አሉ። ብራየር ሲተርክ ጎበዝ ነው፤ ሽማግሌውን አይን ፍርድ ቤት የቆመ ያህል አድርጎ ያስጨንቀዋል። በ2005 ግብፃዊው አርኪዮሎጂስት ዛሂ ሐዋስ የመራው የሲቲ ስካን ምርመራ ግን ራስ ቅሉ ተመትቶ እንዳልተሰበረ አሳየ፤ የተገኘው ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሳይሆን አይቀርም የተባለ የግራ ጭን ስብራት ነው። ይህ ሁሉ ከታወቀ ከአራት ዓመት በኋላ ዝነኛው የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ጄምስ ፓተርሰን ከሌላ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ግድያው እውነት ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። በደንብ ተሸጠ።

በ2010 የታተመው የዘረ መል ጥናት የንጉሡ ወላጆች ወንድምና እህት እንደነበሩ፣ የወባ ተውሳክም እንደተገኘበት፣ እግሩም ሕመም እንደነበረው አስታወቀ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ናሙናው በእጅ ንክኪ ተበክሎ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ፤ ፈረንሳዊው ማርክ ጋቦልድ ደግሞ እናቱ ነፈርቲቲ ናት ብሎ ይከራከራል። ይህን የላቦራቶሪ ንትርክ ለመረዳት የጆ ማርሻንትን የ2013 መጽሐፍ የሚያህል አላገኘሁም። ናሙናውን ማን ወሰደ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለምን ገንዘብ ከፈለ፣ የትኛው ውጤት ተቸኮለበት የሚለውን እየጠየቀች ትሄዳለች።

ግብፃውያኑስ? ገጣሚው አሕመድ ሸውቂ መቃብሩ በተገኘ ሰሞን ስለ ንጉሡ በዐረብኛ ገጥሟል፤ ለአዲሱ የግብፅ ብሔርተኝነት ቱታንካሙን ትልቅ ስጦታ ነበር። ናጊብ ማሕፉዝ በ1985 ባሳተመው ልብ ወለዱ ያነሣው ግን ልጁን ሳይሆን አኬናተንን ነው፤ የሚያውቁትን ሁሉ አንድ ወጣት እየዞረ ይጠይቃል፣ መልሱም አይስማማም። ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አባትየውን መምረጣቸው አይገርመኝም። ሃይማኖት የገለበጠ ሰው ያጣላል፤ ሞግዚቶች የሚያናግሩት ሕፃን ግን ለጸሐፊ አስቸጋሪ ነው።

አፍሪካዊ አንባቢ ሊያልፈው የማይገባ አንድ የ1926 መጽሐፍም አለ። ኒና ዴቪስና አላን ጋርዲነር ያዘጋጁት ሲሆን ጉዳዩ የቱታንካሙን የኩሽ እንደራሴ የነበረው ሁይ መቃብር ነው። በግድግዳው ሥዕል ላይ የኑብያ መሳፍንት ወርቅ፣ የነብር ቆዳና ቀጭኔ ይዘው ይሰለፋሉ፤ አንዲት ልዕልት በሬ በሚጎትተው ሠረገላ ቆማለች። የልጁ ወርቅ ከየት እንደመጣ የሚነግረን ይህ ነው። በንጉሡ መቃብር ውስጥ ደግሞ የታሰረ ኑብያዊ የተቀረጸባቸው የእጅ በትሮች ተገኝተዋል፤ ንጉሡ በያዛቸው ቁጥር ጠላቱን ይጨብጣል። የፎቶ መጻሕፍቱ እነዚህን እንደ ውብ ጌጥ አሳይተው ያልፋሉ።

ባለፉት ዐሥር ዓመታት የወጡት ከቀደሙት ብዙዎቹን ይበልጣሉ። ማሪያን ኢተን ክራውስ በ2016 ወርቁን ወደ ጎን ትታ ስለ ዘመነ መንግሥቱ ብቻ ጻፈች፤ ደረቅ ነው፣ ግን የሚታወቀውን ከሚገመተው ይለያል። ቶቢ ዊልኪንሰን በ2022 በመቃብሩ ከተገኙ 100 ዕቃዎች ተነሥቶ የጥንቷን ግብፅ ተረከ። ክርስቲና ሪግስ ደግሞ በ2019 የበርተንን ፎቶግራፎች፣ በ2021 የመቶ ዓመቱን የቱታንካሙን ንግድና ፖለቲካ መረመረች። ካርተር በመጽሐፉ ስማቸውን ጠርቶ ያመሰገናቸው አራት ግብፃውያን የሥራ መሪዎች፣ አሕመድ ጉርጋር፣ ጋድ ሐሰን፣ ሑሴን አቡ አዋድና ሑሴን አሕመድ ሳዒድ፣ በፎቶዎቹ ላይ የትኛው ማን እንደሆነ የጻፈ የለም። ሪግስ የምትቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጫት የተሸከሙትን ልጆች ጭምር እያየች።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለጀማሪ የኒኮላስ ሪቭስን የ1990 «ሙሉው ቱታንካሙን» እሰጣለሁ፤ ሥዕሉም ማብራሪያውም ይበቃል። ከዚያ ወደ ሪግስ ይለፍ። ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ግን የካርተርን ካርዶች ራሳቸውን ይክፈት፤ ግሪፊዝ ተቋም ሁሉንም በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጦታል። በቁጥር 317 ላይ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሁለት ሕፃናት፣ የንጉሡ ልጆች ናቸው ተብለው የሚታመኑት፣ በትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች ተገኝተው ተመዝግበዋል። ሌላ ካርድ በወርቅ የተለበጠ የሸምበቆ በትር ይገልጻል፤ ንጉሡ በገዛ እጁ የቆረጠው መሆኑ ተጽፎበታል። ዕቃዎቹ በ2025 በተመረቀው የጊዛው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ውስጥ አንድ ላይ ለእይታ ቀርበዋል፤ ብዙዎቹ ግን ካርተር ያቀደውን ዓይነት ሙሉ ሳይንሳዊ ኅትመት ገና አላገኙም።