የስም ዝርዝራችንን እንዴት እንጠብቅ? ለትንንሽ የእርዳታ ማኅበራት

እኔ ዶካ ውስጥ ለስደተኞች እርዳታ የሚያሰባስብ ትንሽ ማኅበር መዝገብ ያዥ ነኝ። ቢሯችን አንድ ስልክ ናት፤ የሰው ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የታመመ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ቁጥር፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከማውቀው ሰው ቁጥር በዋትሳፕ «በስህተት አንተ ጋ የገባ ኮድ አለ፣ ቶሎ ላክልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ስድስቱን አሃዝ ላክሁ። የጻፈው ግን እሱ አልነበረም፤ የእሱም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ኖሯል። ወዲያው የእኛም ተወሰደ። የድሮው ጽሑፍ ስልኩ ላይ ቢቀርም፣ ግሩፖቻችንና በውስጣቸው ያሉ ቁጥሮች ሌባው እጅ ገቡ፤ በስማችንም ገንዘብ መለመን ጀመረ።

«ትንሽ ነን፣ ማን ይፈልገናል?» እንል ነበር። ትልቁም አልዳነም። በጥር 2014 ዓ.ም. (2022) ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ የተጠፋፉ ቤተሰቦች የሚገናኙበት መዝገብ ተሰብሮ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ እንደተወሰደ አሳውቋል። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በጊዜው ሳይታደስ በቀረ ሶፍትዌር ነው። የስደተኛ ስም ሲወጣ ደግሞ የት እንዳለና አገር ቤት ማን እንዳለው አብሮ ይወጣል።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን፦

1. የዋትሳፕ ኮድ ለማንም፣ ለወንድምም ቢሆን አይሰጥም።
2. ሴቲንግ፣ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ የራሳችሁን ባለ 6 አሃዝ ፒን አስገቡ።
3. «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን እዩ፤ የማታውቁት ካለ አስወጡት።
4. ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ እወቁ። ባለቤቱ ቢያዘጋው አካውንቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።
5. ዝርዝሩን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። እደላው ሲያልቅ የማያስፈልገውን አጥፉ።
6. ኔትወርክ በተገኘ ቀን መጀመሪያ ስልኩን አፕዴት አድርጉ።
7. የገንዘብ ጥያቄ ሲመጣ ደውላችሁ ድምፅ ሳትሰሙ አትላኩ።

አካውንቱ ከተወሰደ ቶሎ በቁጥራችሁ እንደገና ተመዝገቡ፤ ሌባው ይወጣል። እሱ ፒን አስገብቶ ከሆነ ግን 7 ቀን ትጠብቃላችሁ።

እኛ ያን ሰሞን ለአባሎቻችን አንድ በአንድ ነገርን። አፍረን ነበር፤ ግን አንዲት እናት ገንዘብ ልትልክ ስትል ነው የደረስንባት። አትደብቁ።