ገብስማ ዝርያ ነው?

ግራና ያለችው አክስቴ ዶሮዎቿን የምትጠራው በመልካቸው ነው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ አንገቷ የተራቆተው መላጣ፣ አናቷ ላይ ቁንጮ ያላት ጉትያ። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሰንጠረዥ ውስጥ ላስገባው ሞከርኩ፤ አንድ ስም፣ አንድ ዝርያ። ገብስማዋ ከራሷ እንቁላል የፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ሲያድጉ ግን አራት ረድፍ ላይ ተበተኑብኝ። (ኮዱ ትክክል ነበር፤ ሐሳቡ ነው የተበላሸው።)

ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ቦታ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አውራው ያለ አጥር ከሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ሲዳቀል ኖሯል። ገብስማ ማለት እንግዲህ ልብስ እንጂ ዘር አይደለም።

እንቁላሉስ? ገበያ ላይ ትንሹና ነጣ ያለው የሐበሻ፣ ቡናማው የፈረንጅ ይባላል፤ የሐበሻው ይወደዳል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከገቡት ዶሮዎች ሮድ አይላንድ ሬድ በእርግጥ ቡናማ ትጥላለች። ዋይት ሌግሆርን ግን ፈረንጅ ሆና ነጭ ነው የምትጥለው። የግብፅዋ ፋዩሚማ እንቁላሏ ትንሽ፣ ነጣ ያለ፣ ላባዋም ዥጉርጉር ነው፤ አክስቴ ግቢ ብትገባ እኔ አልለያትም።

አክስቴ ግን ትለያለች። ዶሮ ልትገዛ ስትል ስለ ቀለም ብዙ አትጨነቅም፤ "ትታቀፋለች ወይ?" ነው ጥያቄዋ። ለእንቁላል ብቻ የተመረጡት የፈረንጅ ዶሮዎች መታቀፉን አብዛኞቹ ትተውታል። ቀይዋ ባለፈው ቡናማ እንቁላል ላይ ሃያ አንድ ቀን ተኝታ ፈለፈለች። "ታዲያ የሐበሻ ናት?" አልኳት።

"አባቷ የማን አውራ እንደሆነ በምን አውቄ!"